ብረት ስትገፉ ትንፋሻችሁን ምን ታደርጉታላችሁ?

ጂም ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ቃል ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ «ተንፍስ! ተንፍሺ!» አሰልጣኙ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ይጮሃል። ባሩ ሥር ያለው ልጅ ፊቱ በርበሬ መስሏል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ግን ግማሽ ምክር ነው። መቼ ነው የሚተነፈሰው? ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ? 10 ኪሎ ሲነሳና 100 ኪሎ ሲነሳ አተነፋፈሱ አንድ ነው? ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ብዙም አይገኝም።

ከዚህ በታች ቅደም ተከተሉን አስቀምጫለሁ። መሬት ላይ ከመተኛት ይጀምርና ከባድ ብረት ላይ ይደርሳል። ብረት የማትገፉ ከሆነም አትለፉት። ጀሪካን የምትሸከሙ፣ ሲሊንደር ፎቅ የምታወጡ፣ ቤት ስትለቁ ቁምሳጥን የምታነሱ ከሆነ ያው ነው። የደም ግፊት ያለባችሁ ግን ደረጃ 4ን አሁኑኑ እንዳትሞክሩ። ከሥሩ ለእናንተ የተጻፈ አለ።

መጀመሪያ ስለ ኦክስጅን

ብዙ ሰው ትንፋሽ ጉልበት የሚሰጠው ለጡንቻ ኦክስጅን ስለሚያደርስ ይመስለዋል። ለሩጫ እውነት ነው። አንዴ ለሚነሳ ከባድ ብረት ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድን ክብደት ከመሬት ለማንሳት ሦስት አራት ሰከንድ ይበቃል። በዚያች ጊዜ ጡንቻ በዋናነት የሚሠራው ቀድሞ ባስቀመጠው ነዳጅ ነው። ነዳጆቹ ኤቲፒ እና ክሬቲን ፎስፌት ይባላሉ። አሁን የሳባችሁት አየር ሳንባ ገብቶ፣ ከደም ተቀላቅሎ፣ ጭናችሁ ጋ እስኪደርስ ብረቱ ተነስቶ ወርዷል።

ይህን በተግባር ማየት የሚፈልግ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለእረፍት አዲስ አበባ የመጣ ብረት ገፊ ዘመድ ይጠይቅ። እነዚያ ከተሞች ባሕር ጠርዝ ላይ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። እንግዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ 20 ጊዜ ቁጭ ብድግ ሲል ጉሮሮው ይደርቃል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነሳው ትልቁ ክብደት ግን ብዙም አይቀንስበትም። ኦክስጅን ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ፣ እሱም አብሮ በወረደ ነበር።

ታዲያ ትንፋሽ ለጉልበት የሚሠራው ምንድን ነው? መሐል አካላችንን ያደነድናል።

የሆዳችንን ክፍል በአራት በኩል የተዘጋ ዕቃ አድርጋችሁ አስቡት። ከላይ ድያፍራም አለ፤ ደረትን ከሆድ የሚለየው ስስ ጡንቻ ማለት ነው። ከታች የዳሌ ወለል ጡንቻዎች አሉ፣ ሽንት የምንቋጥርባቸው። ከፊትና ከጎን የሆድ ጡንቻዎች፣ ከኋላ የጀርባ ጡንቻዎችና አከርካሪ አሉ። አየር ስትስቡ ድያፍራም ወደ ታች ይወርዳል። በዚያው ቅጽበት የሆድ ጡንቻዎች ከከበቡትና ካልለቀቁት ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። ያ ግፊት አከርካሪን ከፊት በኩል ደግፎ ይይዛል።

ውኃ የሞላ፣ የተከደነ ሃይላንድ አቁማችሁ ከላይ በመዳፋችሁ ተጫኑት። ንቅንቅ አይልም። ውኃውን ድፉትና ሳትከድኑት መልሳችሁ ተጫኑት። ወገቡ ላይ እጥፍ ይላል። ፕላስቲኩ ያው ነው። የተለወጠው ውስጡ ነው።

ቁጭ ብድግ ስትሠሩ ጉልበቱ ከእግር ይነሳል፣ ክብደቱ ትከሻ ላይ ነው። በሁለቱ መሐል ያለው ወገብ ከተልፈሰፈሰ እግር ያመነጨው ኃይል መንገድ ላይ ይባክናል። «እግሬ ደከመ» የሚል ጀማሪ ብዙ ጊዜ የደከመው እግሩ አይደለም፣ ወገቡ ነው። ወገቡ ሲጠናከር የዚያው ቀን የዚያው ሰው ጭን የበለጠ ያነሳል።

ሁለተኛም አንድ ነገር አለ። አየርን በኃይል ወደ ውጭ ማስወጣት ራሱ ሌሎች ጡንቻዎችን ያነቃል። የእጅ መጨበጥ ኃይል ሲለካ፣ በኃይል እየተነፈሰ የሚጨብጥ ሰው ዝም ብሎ ከሚተነፍሰው ይበልጣል። ቴኒስ ተጫዋቾች ኳሱን ሲመቱ የሚጮሁት ለታይታ ብቻ አይደለም። የማሪያ ሻራፖቫ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል በላይ ተለክቷል፤ ጋዜጣውም ተመልካቹም ሲያማርርባት ኖሯል። ግን እየጮኸ የሚመታ ተጫዋች ኳሱ ከ4 እስከ 5 በመቶ እንደሚፈጥን በሙከራ ታይቷል። እኛም አገር ይህን ለማወቅ ቴኒስ አላስፈለገም። ሙቀጫ ፊት ቆመው ዘነዘና የሚያነሱ ሴቶች ዘነዘናው በወረደ ቁጥር «እህ!» ይላሉ። እንጨት ፈላጭም እንዲሁ ነው። ማንም አላስተማራቸውም።

ደረጃ 1፦ መሬት ላይ ተኙ

ምንጣፍ ላይ በጀርባችሁ ተኙ። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ። አንድ እጅ ደረት ላይ፣ ሌላው ሆድ ላይ ይሁን።

በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ፣ አራት እስክትቆጥሩ። የሆዱ እጅ ይነሳ፤ የደረቱ እጅ ባለበት ይቆይ ወይም ትንሽ ብቻ ይነሳ። ከዚያ በተጠበበ ከንፈር ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። ሲያልቅ የታችኛው የጎድን አጥንታችሁ ወደ ውስጥ ገባ ሲል ይሰማችኋል። እሱን ስሜት አስታውሱት፣ ኋላ ያስፈልጋል።

10 ትንፋሽ ይበቃል። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ ብትሠሩትም ያው ነው። ከጠገባችሁ በኋላ ግን አትሞክሩት፤ ሆድ በእንጀራ ተሞልቶ ድያፍራም የሚወርድበት ቦታ የለውም። ምግብ ከበላችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ይለፍ።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ትከሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ የሚያቀረቅር ሰው በደረቱና በአንገቱ መተንፈስ ይለምዳል። «በደንብ ሳቡ» ሲባል ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። እንዲህ ከሆናችሁ ደረጃ 2ን አትቸኩሉበት። አንድ ሳምንት እዚሁ ቆዩ።

ደረጃ 2፦ ዙሪያውን ሙሉት

ይህ ነው ዋናው። ሌላው ሁሉ የዚህ ማስፈጸሚያ ነው ማለት ይቻላል።

ቁሙ። ሁለት እጃችሁን ወገባችሁ ላይ፣ ከጎድን አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት በላይ አድርጉ። አውራ ጣት ከኋላ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከፊት ይሁኑ። አሁን አየር ስትስቡ እጃችሁን ከፊትም፣ ከጎንም፣ ከኋላም ለመግፋት ሞክሩ። ሆድ ብቻ ወደ ፊት መነፋት የለበትም። አውራ ጣታችሁም መገፋት አለበት። መጀመሪያ ላይ ከኋላ ምንም አይሰማም፤ ጥቂት ቀን ሲሠራ ይመጣል።

ከዚያ አየሩን ይዛችሁ፣ አንድ ሰው በቡጢ ሆዳችሁን ሊመታችሁ ነው ብላችሁ አስቡ። ወዲያው ሆዳችሁ ይደነድናል። ያ ነው የምንፈልገው። ሆድን ወደ ውስጥ መምጠጥ ግን አይደለም። ፎቶ ሊነሳ ሲል ቦርጩን የሚሰበስብ ሰው ወገቡን አያጠነክርም፤ እንዲያውም ግፊቱን ይቀንሳል።

መሥራቱን ለማወቅ ጓደኛ ጥሩ። ዘና ብላችሁ ቁሙና ትከሻችሁን ወደ ጎን ገፋ ያድርጋችሁ። ትወዛወዛላችሁ። አሁን ሳቡ፣ አደንድኑ፣ በዚያው ኃይል ይድገመው። ልዩነቱን ሁለታችሁም ታያላችሁ። ሳቅ በሳቅ ትሆናላችሁ እንጂ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም።

አሁን ከባዱ ነገር። እንደደነደናችሁ ትንሽ ትንሽ ተንፍሱ። ሆድ ሳይላላ አጭር አየር ሳቡ፣ አጭር አስወጡ። አምስት ጊዜ ከቻላችሁ ደህና ናችሁ። ሆዳችሁ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚላላ ከሆነ ይህን ልምምድ ደጋግሙት። ፕላንክ ስትሠሩ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ መቆየት ነው)፣ ጀሪካን ተሸክማችሁ ስትሄዱ፣ ልጅ አዝላችሁ ደረጃ ስትወጡ የሚያስፈልጋችሁ ይኸው ነው። እዚያ ትንፋሽ መያዝ አይቻልም፤ ጊዜው ረጅም ነው። ወገብ ማላላትም አይቻልም።

ደረጃ 3፦ ቀላልና መካከለኛ ክብደት

10፣ 12፣ 15 ጊዜ የምትደግሙት ነገር ሁሉ እዚህ ይገባል። በራስ ክብደት የሚሠራውም አብዛኛው እዚሁ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። ስትታገሉ አስወጡ፣ ስትመልሱ ሳቡ።

ፑሽ አፕ ላይ ወደ መሬት ስትወርዱ ሳቡ፣ ስትገፉ አስወጡ። ቁጭ ብድግ ላይ ስትቀመጡ ሳቡ፣ ስትነሱ አስወጡ። ፑል አፕ ላይ አገጫችሁ ወደ ባሩ ሲወጣ አስወጡ፣ ስትወርዱ ሳቡ። ዳምቤል ወደ ትከሻ ስታጥፉ አስወጡ። ቤንች ፕሬስ ላይ፣ በጀርባ ተኝቶ ባር መግፋት ማለት ነው፣ ባሩ ወደ ደረት ሲመጣ ሳቡ፣ ከደረት ሲርቅ አስወጡ። ሲት አፕ ላይ ስትነሱ አስወጡ። ግራ ከገባችሁ «አሁን የከበደኝ የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚያ ላይ ነው አየር የሚወጣው።

አወጣጡ ግን እንደ ፊኛ «ቡፍ» ብሎ አይደለም። እንዲያ ከሆነ ሆድ አብሮ ይላላል፣ ገና ግማሽ ላይ ሳላችሁ። ከንፈራችሁን ጠበብ አድርጋችሁ «ስስስስ» የሚል ድምፅ እየወጣ ይሁን። አየሩ በቀጭኑ ሲወጣ የሆድ ጡንቻ እየጠበቀ ይሄዳል። እንቅስቃሴውና አየሩ አብረው ይለቁ።

ፍጥነታችሁንም ትንፋሻችሁ ይወስንላችሁ። መሳቡ ሁለት ሰከንድ፣ ማስወጣቱ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ጥሩ ነው። ፑሽ አፕ እንደ መትረየስ የሚያወርዱ ልጆች አሉ፤ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ሞልተዋል። ብዛቱ ያስቀናል፤ ግን ግማሹ ድግግሞሽ በመወርወር የተገኘ ነው። በትንፋሽ ልክ ቢሠሩት ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ጡንቻው ግን በደንብ ይሠራል።

ደረጃ 4፦ ከባድ ክብደት

ከባድ የምለው ከአምስት ስድስት ጊዜ በላይ መድገም የማትችሉትን ነው። ይህ ከከፍተኛው አቅማችሁ 85 በመቶ አካባቢ ይሆናል። እዚህ ላይ «ስትታገሉ አስወጡ» የሚለው ሕግ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ክብደት ላይ አየር እየለቀቁ መነሳት ደጋፊውን እየቀነሱ መነሳት ነው። ሰውነትም ይህን ያውቃል። ክብደቱ ከአቅም 80 በመቶ ሲያልፍ፣ ማንም ሳይነግረው ሰው ለአፍታ ትንፋሹን ይይዛል። ስለዚህ «በፍጹም ትንፋሽ አትያዙ» የሚለው ምክር ለከባድ ብረት የማይፈጸም ምክር ነው። የሚሻለው አያያዙን ማወቅ ነው።

ዘዴው ስም አለው፣ የቫልሳልቫ ዘዴ ይባላል። አንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ የቦሎኛ ሐኪም ነበር። በ1704 (እ.ኤ.አ.) ስለ ጆሮ ባሳተመው ሥራው ነው የገለጸው። አውሮፕላን ሲወርድ ጆሯችሁ ሲደፈን አፍንጫችሁን ይዛችሁ የምትነፉት እሱው ነው። ብረት ገፊዎች ከጆሮ ሐኪም የተዋሱት ነገር መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል።

ቁጭ ብድግን በባር ስትሠሩ እንዲህ ይሆናል።

ባሩን ትከሻ ላይ አድርጋችሁ ቁሙ፣ እግራችሁን አስተካክሉ። አንድ መደበኛ ትንፋሽ አስወጡ። የጎድን አጥንታችሁ ወደ ታች ገባ ይበል፤ ደረጃ 1 ላይ አስታውሱት ያልኩት ስሜት ይህ ነው።

አሁን ሳቡ። እስከ ጥግ አይደለም፤ ሦስት አራተኛ ያህል። እስከ ጥግ ከሳባችሁ ደረት ይነፋል፣ ጀርባ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ድያፍራምና የዳሌ ወለል ፊት ለፊት መተያየታቸው ይቀራል። አየሩ ወደ ታች፣ ወደ ወገባችሁ ዙሪያ ይሂድ።

ጉሮሯችሁን ዝጉ፣ ሆዳችሁን አደንድኑ። ጉንጫችሁን አትንፉ። ጉንጫችሁ ከተነፋ ግፊቱ ወደ ፊታችሁ ሄዷል ማለት ነው፤ ወገባችሁ ጋ አልቀረም።

ይዛችሁ ውረዱ፣ ይዛችሁ ተነሱ። ስትነሱ አንድ የሚከብድ ነጥብ አለ፤ አብዛኛው ሰው ጋ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ይላል። እሱን እንዳለፋችሁ በጥርሳችሁ መሐል «ጽጽጽ» እያላችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ አንድ ሁለት ጊዜ ተንፍሱና ለቀጣዩ እንደገና ሳቡ። ሁሉም ነገር ከሦስት እስከ አራት ሰከንድ ነው። በአንድ ትንፋሽ ሦስት አራት ድግግሞሽ መሥራት የባለሙያዎች ነገር ነው፤ እናንተ አንድ ትንፋሽ ለአንድ ድግግሞሽ ይሁን።

ዴድሊፍት ላይ፣ ባርን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም ማለት ነው፣ ትንሽ ይለያል። ብረቱ መሬት ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ጎንበስ ትላላችሁ፣ ጎንበስ ስትሉ ደግሞ ሆድ ይታጠፋል። እዚያ ሆኖ በደንብ መሳብ ያስቸግራል። ቆማችሁ ሳቡ፣ ይዛችሁ ጎንበስ በሉ፣ ጨብጡና አንሱ። ኩንታል የሚያነሱ ሰዎችን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ከመጎንበሳቸው በፊት አንዴ «ህ» ብለው ይስባሉ።

ብረቱን አንስታችሁ ቀጥ ስትሉ አየሩን በአንዴ አትልቀቁት። ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአፍታ ይቀንሳል። ዓይን ይጨልማል፣ አንዳንዱ ይወድቃል። በውድድር መድረክ ላይ ዴድሊፍት ካነሱ በኋላ ተዘርረው የሚወድቁት ሰዎች በአብዛኛው በዚህ ነው። ጭንቅላታችሁ ዞር ካለ ብረቱን አስቀምጡ፣ ወዲያው መሬት ላይ ቁጭ በሉ። ቆማችሁ «ያልፍልኛል» አትበሉ።

ደረጃ 4ን የማይሠሩ

ይህን ክፍል እንዳታልፉት። በ1985 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ውስጥ አምስት ልምድ ያላቸው ብረት ገፊዎች በሁለት እግራቸው ከባድ ክብደት ሲገፉ፣ ክንዳቸው የደም ሥር ውስጥ መለኪያ ተደርጎ ግፊታቸው ተለካ። ጤነኛ ሰው ሲያርፍ 120 በ80 አካባቢ ነው። የእነሱ በአማካይ 320 በ250 ደረሰ። አንደኛው ከ480 በ350 አለፈ። ጤነኞችና የለመዱ ስለነበሩ ምንም አልሆኑም፤ ክብደቱን ሲያቆሙ ወዲያው ወረደ። ጡንቻው ራሱ ሲኮማተር የደም ሥር ይጫናል፤ ትንፋሽ መያዝ ደግሞ በዚያ ላይ ይጨምርበታል። የዛገ ቱቦ ይህን ይችላል ወይ የሚለውን እናንተ ፍረዱ።

የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም የደም ሥር ማበጥ ያለበት ሰው ትንፋሽ ይዞ ብረት አያንሳ። ግላኮማ ያለባችሁም ተጠንቀቁ፤ የዓይን ግፊትም አብሮ ይጨምራል። በቅርቡ የዓይን ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ ቡአ ወይም ኪንታሮት ያለባችሁ፣ እርጉዞችና ገና የወለዳችሁም እንዲሁ። መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈና ግፊታችሁን ለክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ደግሞ ተለኩ። ግፊት ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት መቀመጥ ይችላል፤ መድኃኒት ቤትም ጤና ጣቢያም ይለካል።

ይህ ማለት ስፖርት ተዉ ማለት አይደለም። ደረጃ 3 ላይ ቆዩ። ክብደቱን ቀንሱ፣ ድግግሞሹን ጨምሩ፣ ስትታገሉ ሁሌም አስወጡ። ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ቀላል ክብደትም ቢሆን እስኪያቅታችሁ ድረስ አትሥሩ። የመጨረሻዎቹ ድግግሞሾች ላይ ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። ሁለት ሦስት ሲቀራችሁ አቁሙ። ለራሳችሁ መያዛችሁን ለማወቅ ጮክ ብላችሁ እየቆጠራችሁ ሥሩ። የሚናገር ሰው ትንፋሹን አልያዘም።

ስለ ቀበቶ

ቀበቶ ወገብ ይደግፋል ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። በራሱ ብዙ አይደግፍም። ቀበቶ የሚሠራው የተነፋ ሆድ ሲገፋው ነው፤ ግድግዳ ሆኖ መልሶ ሲገፋ ግፊቱ የበለጠ ይጨምራል። መሳብና ማደንደን የማያውቅ ሰው ቀበቶ ቢታጠቅ ጌጥ ነው። እንጨት ተሸካሚ እናቶች መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ነው የሚነሱት፤ ግን መቀነቱ ብቻውን አላነሳላቸውም። ደረጃ 2ን ያለ ቀበቶ እስክትችሉ ገንዘባችሁን ያዙ። ስታጠብቁት ደግሞ አንድ ጣት የምታስገባ ክፍተት ተዉ፣ ሆዳችሁ የሚገፋበት ቦታ እንዲኖረው።

በዙር መሐል

ከባድ ዙር ጨርሳችሁ አሰልጣኙ «ቀና በል! እጅህን ጭንቅላትህ ላይ!» ቢል በትሕትና አትስሙት። ጎንበስ ብሎ እጅን ጉልበት ላይ ማሳረፍ የሽንፈት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ግን እንዲያ ስትሆኑ ድያፍራም ለመሥራት ይመቸዋል፤ የልብ ምትም ቶሎ ይወርዳል። አምስት ስድስት ረጅም ትንፋሽ በዚያ ሁኔታ ውሰዱ፣ ማስወጣቱ ከመሳቡ ይርዘም። ከዚያ ቀና ብላችሁ ተንጎራደዱ።

የጡንቻው ነዳጅ በ30 ሰከንድ ገደማ ግማሹ ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ይህን የሚሞላው ደግሞ ኦክስጅን ነው። መጀመሪያ ላይ ያጣጣልነው ኦክስጅን ሥራው እዚህ ነው። ለከባድ ዙር ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ለቀላሉ አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል። ስልክ ላይ ማፍጠጥ ዕረፍት ነው፤ ግን አቀርቅራችሁ ከሆነ ያው በደረት መተንፈስ ነው።

ለሚሮጡ፣ ባጭሩ

ሩጫ ላይ ትንፋሽ መያዝ የለም። በእርምጃ ቁጠሩ፦ ቀስ ስትሉ ሦስት እርምጃ ሳቡ፣ ሁለት እርምጃ አስወጡ፤ ስትፈጥኑ ሁለት በሁለት። እንጦጦ ዳገቱ ላይ፣ ወደ 3,200 ሜትር ስትጠጉ፣ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ያኔ አፋችሁን ከፍታችሁ እንደመጣ ተንፍሱ። አፍንጫ ብቻ ይሁን የሚሉትን ለቀላል ሩጫ ተቀበሏቸው፤ አቧራ ያጣራል፣ አየሩንም ያሞቃል።

ከባድ ሩጫ ላይ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ራሳቸው ከምትጠቀሙት ኦክስጅን ከ10 እስከ 15 በመቶውን ይወስዳሉ። እነሱ ሲደክሙ ሰውነት ወደ እግር የሚሄደውን ደም ቀንሶ ለእነሱ ያደላል። እግራችሁ የዛለው አንዳንዴ ለዚህ ነው። እነዚህን ጡንቻዎች የሚያጠነክሩ፣ አየር መሳቡን የሚያከብዱ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። የተለመደው አሠራር 30 ትንፋሽ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት ያህል ነው። ፊት ላይ የሚታሰረው «የከፍታ ማስክ» ግን ስሙና ሥራው አይገናኝም። አየር መሳቡን ያከብዳል እንጂ የኦክስጅኑን ግፊት እንደ ተራራ አይቀንስም። ከ2,300 ሜትር በላይ እየኖረ ከፍታ ለመግዛት የሚከፍል ሰው ደግሞ ምን ይባላል?

የአራት ሳምንት አካሄድ

የመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ 1 ብቻ ነው፣ ጠዋትና ማታ 10 ትንፋሽ። የተለመደ ስፖርታችሁን አታቋርጡ፤ እሱን ስትሠሩ ግን ስለ ትንፋሽ ገና አትጨነቁ።

ሁለተኛው ሳምንት ደረጃ 2 ይጨመር። ቆማችሁ ዙሪያውን ሞልታችሁ አምስት ሰከንድ አደንድኑ፣ ልቀቁ፣ ስምንት ጊዜ። ከዚያ 20 ሰከንድ ፕላንክ፣ እየተነፈሳችሁ። 20 ሰከንድ ያንሳል የሚል ካለ ሆዱ ሳይላላ ተንፍሶ ይሞክረው።

ሦስተኛው ሳምንት ደረጃ 3ን ስፖርታችሁ ውስጥ አስገቡ። ከለመዳችሁት ክብደት ሩብ ያህሉን ቀንሱ፤ ሁለት ነገር በአንዴ መማር ከባድ ነው። መጀመሪያ ላይ አሠራሩ ይደነባበርባችኋል፣ መሳቢያው ላይ ታስወጣላችሁ። በሦስተኛው አራተኛው ቀን ራሱ ይስተካከላል።

አራተኛው ሳምንት፣ ጤናችሁ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ደረጃ 4ን ጀምሩ። በባዶ ባር ይሁን፣ ከዚያ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። አጠገባችሁ የሚይዝላችሁ ሰው ይኑር።

ስልካችሁን በጎን በኩል አቁማችሁ አንድ ዙር ቅረጹ። ስታዩት ብረቱን አትዩ። ከመውረዳችሁ በፊት ያለችውን ሰከንድ እዩ። ስትስቡ ትከሻችሁ ከተነሳ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ። ሆዳችሁ ወደ ፊት ብቻ ከተነፋ ወደ ደረጃ 2። ጉንጫችሁ ከተነፋ ክብደቱን ቀንሱና እዚያው ደረጃ 4 ላይ ድገሙት።